የፎርሚጋ 26 ዓመታት የጥንካሬዋ ብቻ ምስክር አይደሉም

ብራዚላዊቷ አማካይ ሚራይልደስ ማሲየል ሞታ፣ ዓለም በሚያውቃት ቅጽል ስሟ ፎርሚጋ፣ በሰባት የዓለም ዋንጫዎችና በሰባት ኦሊምፒኮች ለሀገሯ ተሰልፋለች። እ.ኤ.አ. በ1995 በስዊድን በተካሄደው የዓለም ዋንጫ ስትጀምር የ17 ዓመት ልጅ ነበረች፤ በ2021 በቶኪዮ የመጨረሻ ኦሊምፒኳን ስትጫወት 43 ዓመቷ ነበር። ስለ እሷ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር በእነዚህ ቁጥሮች ተጀምሮ በእነዚሁ ያበቃል፤ ምስጋናውም ለሰውነቷ ብርታት ይሰጣል። ምስጋናው ሲያንሳት ነው። ነገር ግን አንዲት ተጫዋች ለ26 ዓመታት በአንድ ቦታ ላይ ሳትተካ የቆየችው እሷ ብርቱ ስለሆነች ብቻ ሳይሆን፣ የምትተካትን ልጅ የማሳደግ ኃላፊነት የነበረበት አካል ሥራውን ስላልሠራም ጭምር ነው።

ፎርሚጋ በ1978 በባሂያ ግዛት ዋና ከተማ በሳልቫዶር ስትወለድ፣ ሴቶች እግር ኳስ እንዳይጫወቱ የሚከለክለው የ1941 ድንጋጌ ገና አልተነሣም ነበር። ክልከላው የቀረው በ1979 ነው። ሕግ በአንድ ቀን ይሻራል፤ ያለ ክለብ፣ ያለ አሠልጣኝና ያለ ታዳጊዎች ውድድር ያለፉት ወደ 40 የሚጠጉ ዓመታት ግን ከሕጉ ጋር አብረው አይሻሩም። ኳስ በመጫወቷ ከገዛ ወንድሞቿ ጭምር ተቃውሞ እንደገጠማት ራሷ ተናግራለች። በእኛም ዘንድ የብራዚል እግር ኳስ ሲነሣ ከፔሌ እስከ ሮናልዲንሆ ያሉት ስሞች ወዲያው አፋችን ላይ ይመጣሉ፤ ያው ሀገር ግማሹን ሕዝቡን ከዚህ ጨዋታ በሕግ አግዶ እንደነበር የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው።

የምትጫወትበት ቦታም ለዝና የሚመች አልነበረም። ከተከላካዮች ፊት ቆሞ የተጋጣሚን ቅብብል የሚያቋርጥ፣ የነጠቀውን ኳስ በአጭሩ ለፈጣሪዎቹ የሚያቀብል፣ የቡድን ጓደኞቹ ወደ ፊት ሲሄዱ የተዉትን ክፍተት የሚሸፍን አማካይ በግብ አግቢዎች ሠንጠረዥ ላይ ብዙም አይታይም። የቡድን ጓደኛዋ አጥቂዋ ማርታ ስድስት ጊዜ የዓለም ምርጥ ተጫዋች ተብላለች፤ የሚገባት ናት። ፎርሚጋ ይህን ሽልማት አንድም ጊዜ አላገኘችም። ዋጋዋን ለማየት ግን በ2019 የዓለም ዋንጫ በፈረንሳይዋ ሞንፔሊየ ከተማ ብራዚል ከአውስትራሊያ ያደረገችውን ጨዋታ መለስ ብሎ መመልከት ይጠቅማል። ብራዚል 2 ለ 0 መርታ፣ በመጀመሪያው አጋማሽ ማብቂያ አንድ ግብ ተቆጥሮባት ወደ እረፍት ገባች። በእረፍት ሰዓት ማርታና የ41 ዓመቷ ፎርሚጋ ተቀይረው ወጡ፤ ጨዋታው በአውስትራሊያ 3 ለ 2 አሸናፊነት ተጠናቀቀ። የማርታ መውጣትም ቡድኑን እንደጎዳው አልክድም። ይሁን እንጂ እኔ በዚያ ሁለተኛ አጋማሽ ከሁሉ በላይ ያየሁት ከተከላካዮቹ ፊት የተከፈተውን ሜዳ ነው።

በ2004 እና በ2008 ኦሊምፒኮች ብራዚል በፍጻሜ በአሜሪካ ሁለት ጊዜ በጭማሪ ሰዓት ተሸንፋ የብር ሜዳሊያ ስትወስድ ፎርሚጋ በቡድኑ ውስጥ ነበረች። በ2007 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ሻንጋይ ላይ በጀርመን 2 ለ 0 ከተሸነፉ በኋላ ተጫዋቾቹ በሽልማቱ ሥነ ሥርዓት ላይ ከሀገራቸው ድጋፍ የሚጠይቅ ጽሑፍ ይዘው ታይተዋል። በዓለም ሁለተኛ የሆነ ቡድን ከነሜዳሊያው ቆሞ ድጋፍ ሲለምን ማየት የወንዶቹ ቡድን ደጋፊዎች እንኳ ሊያፍሩበት የሚገባ ነገር ነበር። ፎርሚጋም ሙያዋን ይዛ በስዊድንና በአሜሪካ ተጫውታለች፤ ከብራዚሉ ሳኦ ጆዜ ጋር የደቡብ አሜሪካን የክለቦች ዋንጫ ሦስት ጊዜ አንሥታለች፤ በ38 ዓመቷ ፓሪስ ሴንት ዠርሜንን ተቀላቅላም በ2021 ክለቡ የመጀመሪያውን የሴቶች ሊግ ዋንጫውን ሲወስድ አብራ ነበረች።

ክርክሬን ከሁሉ በላይ የሚያጠናክረው በ2016 እና በ2018 መካከል የሆነው ነው። ፎርሚጋ በ2016 መጨረሻ በብራዚሏ ማናውስ ከተማ ብሔራዊ ቡድኑን ተሰናበተች። በቀጣዩ ዓመት የብራዚል እግር ኳስ ፌዴሬሽን የቡድኑን የመጀመሪያዋን ሴት አሠልጣኝ ኤሚሊ ሊማን ከአንድ ዓመት ላነሰ ጊዜ ካሠራት በኋላ አሰናበታት፤ ውሳኔውን በመቃወም ክሪስቲያኔን ጨምሮ በርካታ ተጫዋቾች ከቡድኑ ወጡ። በቦታዋ የተመለሰው አሠልጣኝ ቫዳኦ በ2018 ፎርሚጋን ከስንብቷ እንድትመለስ ጠየቃት። እሷም እሺ አለች፤ ሀገር ሲጠራ እሺ ማለት የእሷ ክብር ነው። ከ200 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት፣ በእግር ኳስ የምትኮራ ሀገር ግን ለአንድ የአማካይ ቦታ 40 ዓመት የሞላትን ተሰናባች ተመለሽልኝ ማለቷ የማንም ክብር አይደለም።

በ2019 የዓለም ዋንጫ ብራዚል በፈረንሳይ ቡድን 2 ለ 1 ተሸንፋ ከወጣች በኋላ ማርታ በእንባ ወደ ካሜራው ዞራ ፎርሚጋም፣ እሷ ራሷም፣ ክሪስቲያኔም ለዘላለም እንደማይኖሩ፣ የሴቶች እግር ኳስ ሕልውናም በወጣቶቹ እጅ እንደሆነ ተናገረች። ንግግሯ ልብ ይነካል። ሆኖም ሸክሙ የወደቀው በማይገባው ወገን ላይ ይመስለኛል፤ የምትለማመድበት ሜዳና የምትወዳደርበት ሊግ የሌላትን የ14 ዓመት ልጅ ጠንክሪ ማለት ብቻውን ምን ይፈይድላታል? ፌዴሬሽኑ ከ18 ዓመት በታች የልጃገረዶች ብሔራዊ ሻምፒዮና የጀመረው በዚያው በ2019፣ ፎርሚጋ የመጀመሪያ የዓለም ዋንጫዋን ከተጫወተች ከ24 ዓመታት በኋላ ነው። የአንደኛው ዲቪዚዮን የወንዶች ክለቦች የሴቶች ቡድን እንዲኖራቸው የተገደዱትም በዚሁ ዓመት ነበር።

ፎርሚጋ በኅዳር 2021 ማናውስ ላይ ከህንድ ጋር በተደረገ ጨዋታ ለመጨረሻ ጊዜ ተሰናበተች። ከሁለት ዓመት በኋላ ብራዚል ከዓለም ዋንጫው የምድብ ጨዋታዎች ማለፍ አቃታት፤ በ2024 የፓሪስ ኦሊምፒክ ደግሞ በአዲስ ትውልድ እስከ ፍጻሜ ደርሳ ብር ወሰደች። ይህ ውጤት በጥቂት ዓመታት ሥራ እንኳ ምን ሊደረግ እንደሚችል ያሳያል። በ2027 የዓለም ዋንጫው ወደ ብራዚል ይመጣል፤ በመክፈቻው ዋዜማም ስለ ፎርሚጋ ብዙ ይባል ይሆናል። የፌዴሬሽኑ ኃላፊዎች ያን ጊዜ ስሟን ሲያነሡ፣ በባሂያና በሌሎቹ ሰሜን ምሥራቃዊ ግዛቶች ስንት የልጃገረዶች ቡድኖች ከዓመት እስከ ዓመት በጀት ተመድቦላቸው እንደሚወዳደሩ አብረው ሊነግሩን ይገባል።