የራቀ ሰው ተራው የማይዘለልበት መንደር

ሰሜን አሜሪካም ሆነ አውሮፓ ያሉ የአንድ ወረዳ ተወላጆች ለትውልድ መንደራቸው ውሃ ለማስቆፈር ሲሰባሰቡ፣ ከገንዘቡ ቀድሞ የሚያከራክራቸው ቁጥር ነው። «ስንት ሰው ነው የሚጠጣው?» ሲባል አንዱ ቀበሌ ደውሎ፣ ሌላው ዘመድ ጠይቆ ይመጣል፤ ሁለቱ መልሶች አይገናኙም። ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር ከታሰበ፣ 300 ሰው 7,500 ሊትር፣ 600 ሰው ደግሞ 15,000 ሊትር ይፈልጋል። ታንከሩም ፓምፑም የሚመረጠው በዚህ ነው። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራችን የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። አራተኛው በተደጋጋሚ ተራዘመ። ከዚያ ወዲህ የምንጠቅሰው ሁሉ ትንበያ ነው፤ ትንበያ ለአገርና ለክልል እንጂ ለአንድ ጎጥ አይሆንም።

ሜክሲኮ ውስጥ የአንዲት ትንሽ መንደር መረጃ የሚገኘው በሌላ መንገድ ነው። ኢኔጊ የተባለው የአገሪቱ የስታትስቲክስና የጂኦግራፊ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2020 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ባካሄደው ቆጠራ እያንዳንዱን ሰፈራ በየራሱ መስመር አስፍሮታል። ከ2,500 ሰው በታች የሚኖርበት ቦታ ገጠር ይባላል፤ እንዲህ ያሉት ከ180 ሺ ይበልጣሉ። የቦታው ከፍታ፣ የወንዱና የሴቱ ብዛት፣ የዕድሜ ክፍል፣ የነባር ቋንቋ ተናጋሪዎች፣ የትምህርት ዓመት፣ ወለሉ አፈር የሆነ ቤት፣ የቧንቧ ውሃ፣ መብራት ሁሉ አለ። አንድ ወይም ሁለት ቤት ብቻ ያለበት ቦታ ላይ ሲደረስ፣ የቤተሰቡ ገበና እንዳይገለጥ ዝርዝሩ በኮከብ ምልክት ይሸፈናል። ይህ ጥንቃቄ በጣም የሚያስከብራቸው ነው።

ሠንጠረዡን ዝም ብሎ ማንበብ ግን ያሳስታል። ቆጠራው የሚይዘው እዚያው የሚኖረውን ሰው ነው። ሎስ አንጀለስ ሄዶ የቀረው ሰው ከመንደሩ ቁጥር ይወጣል፤ የሠራው ቤት ግን «ሰው የማይኖርበት» በሚለው ዓምድ ይቆጠራል። ስለዚህ የነዋሪውን ቁጥር ከባዶ ቤቶቹ ቁጥርና ከወጣት ወንዶችና ሴቶች ሚዛን ጋር አብሮ ማየት ያስፈልጋል። ሌላው ወጥመድ ስም ነው፤ በኦዋሃካ ክፍለ ግዛት 570 ማዘጋጃ ቤቶች አሉ፣ ብዙዎቹም ስማቸው ከዋና መንደራቸው ስም ጋር አንድ ነው። የማዘጋጃ ቤቱን ድምር የመንደሩ አድርጎ የወሰደ ሰው በዙሪያው ያሉትን ሰፈሮች ጨምሮ ቆጠረ ማለት ነው።

በዚያው ክፍለ ግዛት፣ ሲየራ ኖርቴ ተራራ ላይ፣ ካፑላልፓም ደ ሜንዴስ የምትባል የሳፖቴኮች (ከሜክሲኮ ነባር ሕዝቦች አንዱ) መንደር አለች። ከኦዋሃካ ከተማ በስተሰሜን ምሥራቅ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ከፍታዋ ከ2,000 ሜትር ጥቂት በላይ ነው፣ በእኛ አጠራር ወይና ደጋ። ነዋሪዋ 1,500 ገደማ ነው። ዝናቡ ከግንቦት ማብቂያ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል፤ ከየካቲት እስከ ግንቦት ያለው በጋ የእሳት ወቅት ነው። ዙሪያዋን የከበበው ደን የፓይንና የባሉጥ ዛፍ ነው። በእኛ ደጋ «ፓቱላ» ብለን የምንተክለው ፓይን የትውልድ አገሩ እነዚህ የሜክሲኮ ተራሮች ናቸው፤ «የፈረንጅ ጥድ» የምንለውም መነሻው ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ነው። በአገሩ ከባሉጥ ጋር ተቀላቅሎ ከሥሩ ልዩ ልዩ ተክል የሚበቅልበት ዛፍ፣ እኛ ዘንድ ብቻውን በሰልፍ ተተክሎ ከሥሩ ብዙ ሣር የማያበቅል ሆኗል።

ይህ ደን በ1956 ለ25 ዓመት ለአንድ የወረቀት ፋብሪካ ተሰጥቶ ነበር። ባለቤቶቹ በስም መንደሮቹ ሆነው ሳለ የሚደርሳቸው ለዛፉ የተተመነ ትንሽ ክፍያ ብቻ ነበር፤ ለማን እንደሚሸጡም መወሰን አይችሉም። ውሉ ሊታደስ ሲል በ1980ዎቹ መጀመሪያ የሲየራው መንደሮች ተባብረው በፍርድ ቤት አስቆሙት። ካፑላልፓም በ1989 ከሦስት ጎረቤቶቿ ጋር ኡሳቺ የተባለ ኅብረት መሠረተች። ኅብረቱ የራሱን ባለሙያዎች ቀጥሮ የየመንደሩን መሬት ከፋፈለ፦ የሚቆረጥ ደን፣ የማይነካ ደን፣ የእርሻ መሬት፣ ማገዶ የሚለቀምበት። መሬቱ የጋራ ነው፤ አይሸጥም፣ በዕዳም አይያዝም። ከጎረቤት ናቲቪዳድ ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ወርቅና ብር ሲወጣበት የኖረ ማዕድን አለ፤ የካፑላልፓም ሰዎች 13 ምንጮች የደረቁብን በእሱ ምክንያት ነው ይላሉ፤ ጉባኤያቸውም ማዕድን ማውጣትን በተደጋጋሚ ውድቅ አድርጓል።

ከሁሉ በላይ ልብ ሊባል የሚገባው ግን ሰው እንዴት የመንደሩ ሰው ሆኖ እንደሚቆይ ነው። ሁለት ግዴታ አለ። አንዱ ቴኪዮ ነው፦ መንገድ ለመጥረግ፣ የውሃ መስመር ለመጠገን፣ ችግኝ ለመትከል ሁሉም በተጠራበት ቀን ያለ ክፍያ ይወጣል። የቀረ ወይ ሰው ይተካል ወይ ይቀጣል። ሁለተኛው ካርጎ ነው፦ የአገልግሎት ተራ። ወጣቱ መልእክተኛና ጥበቃ ሆኖ፣ ቶፒል ተብሎ ይጀምራል፤ ከዚያ እያረፈ ደረጃ በደረጃ ይወጣል፤ በመጨረሻ የማዘጋጃ ቤቱ ወይም የጋራ መሬቱ ኃላፊ ይሆናል። ሁሉንም የጨረሱት አንጋፋዎች የሚመክሩበት ሸንጎ አላቸው። በኦዋሃካ ከ400 የሚበልጡ ማዘጋጃ ቤቶች መሪ የሚመርጡት በዚህ ዓይነት ሥርዓት እንጂ በፓርቲ አይደለም።

ተራው አሜሪካ ላለውም ሰው ይደርሳል። በብዙ የኦዋሃካ መንደሮች ጉባኤው ስሙን ሲጠራ ወይ ሥራውን ጥሎ ለአንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ይመለሳል፣ ወይ በምትኩ የሚያገለግል ሰው ከፍሎ ያቆማል፤ ካልሆነ በመሬቱና በድምፁ ላይ ያለውን መብት ሊያጣ ይችላል። ይህ ከባድ ነው። ወረቀት የሌለው ሰው ከወጣ መመለሻው በረሃና ደላላ ነው፤ ብዙ ቤተሰብ ተጨንቆበታል። ቢሆንም ሐሳቡ ትክክል ይመስለኛል፦ ዶላር ብቻውን የመንደር ሰው አያደርግም።

የእኛ ነገር ከዚህ ይለያል። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚለው አባባላችን መብትን ከደም ይስባል፤ የትም ቢኖር፣ ምንም ባያገለግል፣ የተወለደ ተወልዷል። ደቦና ወንፈል ከቴኪዮ ጋር ቢመሳሰሉም የሚሠራው በተራ በየግለሰቡ ማሳ ላይ ነው። የተፋሰስ ዘመቻው የጋራ መሬት ላይ ይሠራል፤ ቀኑንና ኮታውን የሚቆርጠው ግን ብዙ ጊዜ ከላይ ነው። ለካፑላልፓም የሚቀርበው የመንዝ ጓሳ ቄሮ ነው (የጋራ ሣር የሚጠበቅበት ሥርዓት፤ ከቅርብ ዘመኑ የወጣቶች ስያሜ ጋር አይገናኝም)፦ የተመረጠ አባ ቄራ (የሥርዓቱ አለቃ) ነበረው፣ ሣሩ ለዓመታት ተዘግቶ በጊዜው ይከፈት ነበር፣ የጣሰ ይቀጣ ነበር። ከ1975ቱ (በእኛ አቆጣጠር 1967 ዓ.ም.) የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ፈረሰ። ካፑላልፓም ያስመለሰችውን መንዝ ያጣው በወረቀት ፋብሪካ ሳይሆን በአዋጅ ነው።

የሰው ቁጥርና የደን ነገር እዚያ የሚገናኙት እኛ በለመድነው መንገድ አይደለም። እኛ ዘንድ ሰው ሲበዛ ማሳ ጠቦ ደን ይገፋል። ሲየራው ላይ ሰው ሲሄድ በቆሎ፣ ባቄላና ዱባ አብረው የሚዘሩበት ሚልፓ ጾሙን ያድርና በጥቂት ዓመታት ፓይን ይውጠዋል። ከሩቅ ሲያዩት ደኑ ጨመረ ያሰኛል። ግን እርሻ፣ ቁጥቋጦና ዛፍ ተፈራርቀው የነበሩበት ቦታ አንድ ዓይነት ጥቅጥቅ ይሆናል፤ ደረቅ ቅጠልና ቅርንጫፍ ይከማቻል። በእጅ የሚጠረግ የእሳት መከላከያ መስመር ቢያንስ 3 ሜትር ስፋት ይፈልጋል፤ ባዶ አፈር እስኪታይ መፋቅ አለበት፤ በየዓመቱ በጋው ሳይጠና መታደስ ይኖርበታል። ይህ የወጣት ጉልበት ሥራ ነው።

ፓይኑን የሚያደርቀው የቅርፊት ጥንዚዛ ደግሞ የባሰ ነው። ግንዱ ላይ የሙጫ ጉብታ ሲታይ ጥንዚዛው ገብቷል። ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ከቅርፊቱ ሥር የጥንዚዛው እጮች እየበሉ ነው። ቅጠሉ ከቀላ ብዙውን ጊዜ ትውልዱ ወጥቶ ወደሚቀጥለው ዛፍ ሄዷል፤ ያን ጊዜ ቀዩን መቁረጥ ብዙም አይጠቅም። መፍትሔው ቢጫዎቹንና በዙሪያቸው ሙጫ የሚያነቡትን ለይቶ መቁረጥ፣ መላጥ፣ ቅርፊቱን እዚያው ማቃጠል ወይም በመድኃኒት ማከም ነው። ለዚህ ግን መጀመሪያ ለደን መሥሪያ ቤቱ አስታውቆ ፈቃድ መቀበል ያስፈልጋል። ወረቀቱ በዘገየ ቁጥር የሚቆረጠው ይበዛል። ፈቃዱ የመጣ ዕለት ጉባኤው ስም ይጠራል፤ ከሚጠሩት አንዳንዶቹ ሎስ አንጀለስ ናቸው፤ እነሱም ለተተኪው የቀን ሒሳብ ይልካሉ፣ መዝገቡ ላይም ከስማቸው ጎን ምልክት ይደረጋል።