እርማት፦ አህያም ስድቡም ከውጭ አልመጡም

ወንድሜ፣ «አህያን ያመጡልን አረቦች ናቸው፤ ሰውን አህያ ብሎ መስደብም ከፈረንጅ የተኮረጀ ነው፣ የባህል ነጠቃ ነው» ብለሃል። ሁለቱም ልክ አይደሉም።

አህያ ለማዳ የሆነችው እዚሁ አፍሪካ ውስጥ ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣ የዘረመል ጥናት ከዛሬ 7000 ዓመት ገደማ በፊት በምሥራቅ አፍሪካ እንደተጀመረ ያሳያል። የዱር ዘመዷ ዛሬም አፋር ውስጥ አለች፤ እግሯ እንደ ሜዳ አህያ ዥንጉርጉር ነው። ግብፅ አቢዶስ ላይ ደግሞ 5000 ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ፣ በንጉሥ መካነ መቃብር የተቀበሩ አሥር አህዮች ተገኝተዋል። ያኔ ስድብ አልነበረችም ማለት ነው!

ስድቡም ቢሆን የራሳችን ነው። «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም»፣ «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚል ሕዝብ ስለ አህያ ነገር ከማን ይዋሳል? ከራሳችን ነጠቅን ካላልክ በቀር።

የስድቡ ይዘት ግን ውሸት ነው። ፈረስ ሲደነግጥ ይሮጣል፤ አህያ ትቆማለች። እኛ ግትር እንላታለን፣ እሷ እያየች ነው። ልጅ ሆኜ ከገበያ ስንመለስ አህያችን የእንጨት ድልድይ ላይ አልሄድም አለች። ጆሮዋን ቀስራ፣ የፊት እግሯን አንስታ ቀረች። አጎቴ በዱላ ሊላት ሲል ጎንበስ ብሎ አየ። መሃል ላይ ያለው ሳንቃ በስብሷል። ጤፉን አውርደን በወንዙ ተሻገርን። አጎቴ ግን ቤት እስክንደርስ «ይቺ አህያ!» እያለ ሲሰድባት ነበር።