ማርሚታ ቀይራችሁ «ሞተሬ ፈጠነ» ለምትሉኝ ልጆች

ዛሬ ልናገር ነው፣ ታምቆብኛል። ሜሪላንድና ቨርጂንያ ያላችሁ ሞተር ነጂ ወንድሞቼ፣ በናታችሁ ይሄን የማርሚታ፣ የጭስ ማውጫውን ማለቴ ነው፣ ወሬ ተዉኝ። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር አንዱ ፓርኪንግ ሎቱ ውስጥ ይገባል፣ ቆሞ ነዳጅ ይሰጣል፣ ሰፈሩ ይናወጣል፣ ከዚያ «15 ፈረስ ጉልበት ጨመረልኝ» ይላል። በምን ለካኸው? ብዬ ስጠይቅ «ሲነዱት ያስታውቃል» ነው መልሱ።

የሚያስታውቀው ድምፁ ነው። ጆሮ ጮኸ ያለውን ነገር ልብ ፈጠነ ይላል። ይሄን ደግሞ ሻጮቹ አሳምረው ያውቁታል፣ ለዚህ ነው አምስት ስድስት መቶ ዶላር የሚያስከፍሏችሁ።

እስቲ በቁጥር እናውራ። ያማሃ አር 6ን እንውሰድ፣ ብዙዎቻችሁ የምትነዱት እሱን ነው። 599 ሲሲ ነው፣ ከፋብሪካ ሲወጣ ወደ 117 ፈረስ ጉልበት አለው። የኤንጂኑን ኮምፒውተር ሳታስነኩ የጫፉን ማርሚታ ብቻ ብትቀይሩ የምታገኙት ቢበዛ ሁለት ሦስት ፈረስ ጉልበት ነው። እሱም የኤንጂኑ ዙር ጣራ ሲነካ። የነፋሱ ነገር ደግሞ አለ። አየሩን ሰንጥቆ ለማለፍ የሚያስፈልገው ጉልበት ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም፣ እጅግ ይብሳል፤ 10 በመቶ ለመፍጠን 33 በመቶ ተጨማሪ ጉልበት ይጠይቃል። ስለዚህ 260 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይሄድ የነበረ ሞተር ሦስት ፈረስ ጉልበት ሲጨመርለት 262 ይሄዳል። ሁለት ኪሎ ሜትር! ለዚህ ነው ኪራይ የምታጓድሉት?

«እኔ እኮ የካቴናውን ጥርስም ቀይሬያለሁ» የሚለኝ አለ፣ ካቴናው የሚዞርበትን ጥርሳም ክብ ብረት ማለቱ ነው። እሺ፣ ይሄኛው ሥራ አለው፣ አልክድም። የፊቱን ከ16 ጥርስ ወደ 15 ካወረድከው ሞተሩ ሲነሳ ይፈጥናል፣ በምትኩ የላይኛው ፍጥነት ላይ ይበላሃል። ግን ብዙዎቹ የቆዩ የጃፓን ሞተሮች ፍጥነታቸውን የሚያነቡት ከጎማው ሳይሆን ከካምቢዮው ነው። ጥርሱን ስትቀይር ቆጣሪው ይሳሳታል። በእውነት 150 ስትሄድ 160 ያሳይሃል። ልጁ ይሄን ቪዲዮ ቀርጾ ይለጥፋል፣ ሦስት መቶ ሰው ላይክ ያደርጋል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ አምስት ልጅ ጥርስ ያዛል። ዳሽቦርድ ማመን እንዲህ ነው። በ2006 ያማሃ ራሱ የአር 6 ኤንጂን በደቂቃ 17,500 ዙር ይደርሳል ብሎ አስተዋውቆ፣ መለኪያው አንድ ሺህ ገደማ አብዝቶ የሚያሳይ ሆኖ ተገኘና፣ ቅር ያለው ገዢ ካለ ሞተሩን መልሼ እገዛለሁ እስከማለት ደርሷል። ፋብሪካው ያፈረበትን መርፌ ነው እናንተ ማስረጃ ብላችሁ የምታመጡት።

ከሁሉም የሚያበሳጨኝ ግን ይሄ ነው። በቀደም የአንዱን ልጅ ሞተር ስታንድ ላይ ሰቅዬ አየሁት። ማርሚታው የካርቦን ፋይበር ነው፣ ያብረቀርቃል። ካቴናው ግን ደርቆ ቀይ ዝገቱ ጣቴ ላይ ቀረ። ጎማውን በእጄ ሳዞረው አንዳንዱ የካቴና ዓይን አልታጠፍ ብሎ ጥርሱ ላይ እየዘለለ ያልፋል። የኋላው ጎማ መሐሉ በሃይዌይ ተበልቶ ጠፍጣፋ ሆኗል። የፊት ፍሬኑ ሸራ ሊያልቅ ነው። እሱ የመጣው ለዚህ ሁሉ አይደለም፣ «አራት ሺህ ዙር ላይ ነዳጅ ስሰጠው ይንተባተባል» ብሎ ነው። ይንተባተባላ! ማርሚታውም የአየር ፊልትሮውም ተቀይሮ ብዙ አየር እየገባ፣ ኮምፒውተሩ ግን በድሮው ልክ ነዳጅ እየሰጠ ነው። ነዳጁ ሳስቷል። ከፍሎ ሞተሩን መሐለኛው ዙር ላይ አዳከመው፣ ከዚያ በዚህ ሞተር ቤልትዌይ ላይ፣ ዋሽንግተንን በሚዞረው አውራ ጎዳና፣ ሊሽቀዳደም ይወጣል። እናቱ ሌሊት ስልክ ሲጮህ ምን እንደሚሰማት የሚያስብላት የለም።

ሙሉ ማርሚታ ከነቱቦው ገጥሞ፣ ኮምፒውተሩንም በሚያውቅ ሰው ያስተካከለ ሰው ለውጥ ያገኛል፣ እውነት ነው። ባለ ሺህ ሲሲዎቹ ላይማ ፋብሪካው በታችኛዎቹ ማርሾች አውቆ ጉልበት የሚያፍንበት ሞዴል አለ፣ እሱ ሲከፈት ልዩነቱ ትልቅ ነው። እኔ የምጮኸው በዚህ ላይ አይደለም። ተለጣፊ ለጥፎ፣ ፊልትሮ ቀይሮ፣ ቱቦ ቆርጦ «አሁን ማንም አይደርስብኝም» በሚለው ላይ ነው።

ደግሞ የቱ ጋ ነው የምትሮጡት? ከመብራት ላይ ስትነሱ እኮ ሞተሩ ያለውንም ጉልበት አትጠቀሙበትም። የፊት ጎማው ይነሳል፣ ነዳጁን ትለቁታላችሁ። እዚያ የሚያሸንፈው ፍሪሲዮን መልቀቅ የሚያውቅና ደረቱን የነዳጅ ታንኩ ላይ የሚያስተኛ ሰው ነው። ያልተነካካ ሞተር የያዘ ጎበዝ ነጂ ያን ሁሉ የካርቦን ፋይበር ጥሎት ይሄዳል። ቨርጂንያ ውስጥ ደግሞ ከ85 ማይል ካለፋችሁ ተራ ቅጣት መስሏችሁ እንዳትሞኙ፣ በወንጀል ነው የምትከሰሱት። 85 ማይል አር 6 በሁለተኛ ማርሽ የሚደርስበት ነው። የጨመራችሁት ሦስት ፈረስ ጉልበት የሚገኘው ከዚያ በላይ፣ ቅንጣት የሚያህል ስህተት በሚገድልበት ቦታ ነው።

አዲስ አበባ ያሉ የአክስት ልጆቼም «ማርሚታ ላክልን» ይሉኛል። ወንድሞቼ፣ እናንተ ያላችሁት ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። አየሩ ከባሕር ጠለሉ በሩብ ገደማ የሳሳ ነው። 117 የተባለው ሞተር እዚያ ወደ 90 ወርዶ ነው የሚሠራው። ተራራው ሃያ ምናምን ፈረስ ጉልበት ወስዶባችሁ በማርሚታ ሦስት ልትመልሱ? በዚያ ገንዘብ ካቴና፣ ጎማና ጥሩ ሄልሜት ልላክላችሁ፣ በደስታ።

እዚህ ላላችሁት ደግሞ፣ ሜሪላንድ ሜካኒክስቪል ያለው የባድስ ክሪክ የቀጥታ መወዳደሪያ ሜዳ ቅርባችን ነው። ማንም ሞተሩን ይዞ የሚሮጥበት ቀን አላቸው። 402 ሜትሩን ስትጨርሱ ወረቀት ይሰጧችኋል። የመጀመሪያዎቹን 60 ጫማ በስንት ሰከንድ እንደሄዳችሁ፣ በስንት እንደጨረሳችሁ፣ መጨረሻው ላይ ፍጥነታችሁ ስንት እንደነበር ሁሉ ተጽፎበታል። በፋብሪካው ማርሚታ ጥቂት ጊዜ ሩጡ። ያን ቀን እዚያው ቀይራችሁ ድገሙት። ሁለቱንም ወረቀት ፎቶ አንስታችሁ ኮመንት ላይ ለጥፉልኝ። ቪዲዮ አልፈልግም። ወረቀቱን ይዛችሁ ኑና እንከራከር።