መርዶ ያልመጣበት ቤት

ባለፈው ዓመት ከእንግሊዝ አገር ድሬዳዋ ስገባ መጀመሪያ የሄድኩት ለገሃሬ ወዳሉት የድሮ ጎረቤታችን ቤት ነው። እማማ ዘጠና ሊደፍኑ ነው። ዛሬም እንደ ልጅነቴ በር ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

የመጀመሪያ ልጃቸው በ1969 ክረምት፣ የሶማሊያ ጦር የድሬዳዋ ደጃፍ ሲደርስ፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ዘመተ። የካቲት 26 ቀን 1970 ካራማራ ነፃ ወጣ፣ እሱ ግን አልመጣም። በ1980 መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና ዚያድ ባሬ ተስማምተው ከሦስት ሺህ በላይ ምርኮኞች ወደ አገራቸው ሲገቡ እማማ ነጠላቸውን አጥበው፣ ቡና ቆልተው ጠበቁ። ከመካከላቸው አልነበረም። መርዶም አልተነገራቸውም። ከመንግሥት ወገን ያንን በር ያንኳኳ ሰው የለም።

በእኛ ዘንድ መርዶ ከባድ ሥራ ነው። ሽማግሌ ተመርጦ፣ ጎህ ሳይቀድ ተሂዶ ይነገራል። ከዚያ ሠልስቱ፣ አርባው፣ ተዝካሩ ይከተላል፤ ሙስሊሙም ሰደቃውን ያወጣል። መርዶ ያልደረሳት እናት ግን ለልጇ ተዝካር ብታወጣ በቁሙ የገደለችው ይመስላታል። እማማ እስካሁን አላወጡም።

በምኖርበት አገር ዉተን ባሴት የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ከ2007 እስከ 2011 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ከኢራቅና ከአፍጋኒስታን የሚመጣው አስከሬን በመሐሏ ያልፍ ነበር። ባለሱቁም ጡረተኛውም ማንም ሳያዘው ወጥቶ ዳር ይቆም ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ደግሞ ፓርላማ ውስጥ የሟቾቹን ስም ያነብ ነበር። ይህን ሳይ እማማን እያሰብኩ ቀንቻለሁ።

ቅናቴ ግን አልዘለቀም። ያው ፓርላማ በፈረንጆቹ መጋቢት 2003 ላይ በ412 ለ149 ድምፅ ወታደሩን ኢራቅ የላከ ነው። ሮቢን ኩክ የተባለው ሚኒስትር በዋዜማው ይህን ጦርነት አልደግፍም ብሎ ሥልጣኑን ለቀቀ። 179 የእንግሊዝ ወታደሮች አለቁ። በፈረንጆቹ 2016 የወጣው፣ እንግሊዝ ወደ ኢራቅ ጦርነት የገባችበትን መንገድ የመረመረው የቺልኮት ሪፖርት የሰላሙ አማራጭ ሳይሟጠጥ ወደ ጦርነት እንደተገባ መሰከረ። ስለ ሞቱት የኢራቅ ሲቪሎችም፣ ቁጥራቸውን ለማወቅ ከተደከመው ይልቅ የትኛው መሥሪያ ቤት ይመለከተዋል በሚለው ላይ ብዙ ጊዜ እንደጠፋ ጻፈ። ይህን ሳነብ አለቀስኩ። የኢራቋ የባስራ እናትም በር ላይ ተቀምጣለች። ስም በክብር ማንበብ ትልቅ ነገር ነው፤ ያ ስም ከሚነበብበት ዝርዝር ውስጥ እንዳይገባ ከመዝመቱ በፊት ያሰበለት መሪ ግን ወታደሩን የበለጠ ደግፎታል እላለሁ። በኢራቅ ጦርነት ልጁን ያጣ አንድ አባት በፈረንጆቹ 2005 በጠቅላይ ሚኒስትር ብሌር የምርጫ ክልል ተወዳደረ። ውጤቱ በተነገረበት ሌሊት፣ ብሌር ከኋላው ቆመው፣ አንድ ቀን ይቅርታ እንዲሉ፣ ቁስለኞቹንም ሆስፒታል ሄደው እንዲጠይቁ ተስፋውን ተናገረ። አባቱ ተሸነፈ፤ መሪው ግን ቆመው ሰሙት።

የእኛዎቹን መሪዎች ምንም አላደረጉም ብዬ አልወቅስም። ደርግ «ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር» ሲል ለአካል ጉዳተኛው ጀግኖች አምባን፣ ለሟች ወታደሮች ልጆች አላጌ ላይ ሕፃናት አምባን አቋቁሟል። በ1983 ግን ሠራዊቱ ሲበተን፣ ለአገሩ የቆሰለው ሰው በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ እጁን ዘርግቶ አይተነዋል። በሰሜኑ ጦርነትም ሕዝቡ ሰንጋ ነድቷል፣ ደም ለግሷል፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩም በኅዳር 2014 ወደ ግንባር ዘመቱ። ጥቅምት 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነቱ ተፈረመ። ስንት ልጅ እንደወደቀ ግን ከመሪዎቹ አንደበት በቁጥር ሲነገር እስከ ዛሬ አልሰማሁም። ስንት ለገሃሬ፣ ስንት በር ይሆን?

ከመመለሴ በፊት ከእማማ ሴት ልጅ ጋር ሐረር ወጣን። በ1933 ጣሊያንን ለማስወጣት ሲዋጉ የሞቱ የእንግሊዝ ጦር ወታደሮች መቃብር እዚያ አለ። ረድፍ በረድፍ ድንጋይ፣ በድንጋዩ ላይ ስም። ልጅቱ አንዱን ፊደል በጣቷ እየተከተለች ብዙ ቆየች። ወንድሟ ሲዘምት ገና በጡት ነበረች።

ማታ ለእማማ ነገርናቸው። ዝም ብለው አዳመጡና፣

«የሰው አገር ልጆች ናቸው?» አሉኝ።

«አዎ እማማ።»

«ለእናቶቻቸው ተነግሯቸዋል?»