ልጅን በመርፌ አታስፈራሩ፣ ሐኪሞችም ሁለት ደቂቃ አትንፈጉት

"እምቢ ካልክ መርፌ አስወጋሃለሁ!" ማርቆስ በሉት ፍኖተ ሰላም፣ ዳንግላ በሉት ሞጣ፣ ይሄን ሳይሰማ ያደገ ልጅ ያለ አይመስለኝም። ምሳ አልበላ ሲል መርፌ፣ እንግዳ ፊት ሲረብሽ "ዶክተሩ መጣልህ"። ከዛ አንድ ቀን ጉንጩ አብጦ ሌሊቱን ሲያለቅስ ያድርና ጥርስ ክሊኒክ ይወሰዳል፣ ወንበሩ ላይ ሲወጣ ደግሞ ያው እናት "አይዞህ የኔ ጌታ፣ አትወጋም፣ ሊያይህ ብቻ ነው" ትለዋለች። እና ልጁ የትኛውን ይመን?

ፍርሃቱ ቤት ውስጥ ተሰርቶ ነው የሚመጣው። ህመሙ ግን የክሊኒኩ ስራ ነው፣ እሱንም ዝም ብለን ማለፍ የለብንም። ድድ ላይ የሚቀባ ማደንዘዣ ጄል አለ፣ ድዱ በጥጥ ደረቅ ተደርጎ ይቀባና አንድ ሁለት ደቂቃ መጠበቅ አለበት፣ ቀብቶ ወዲያው መውጋት ሊጡ ሳይቦካ ምጣድ መጣድ ነው። (ጄሉን ግን ወላጅ ራሱ ከፋርማሲ ገዝቶ ጥርስ ለሚያወጣ ህፃን እንዳይቀባ፣ ቤንዞኬይን የሚባል ማደንዘዣ ያለበት ከሁለት አመት በታች ላለ ልጅ ደሙ ኦክስጅን እንዳይሸከም ሊያደርግ ይችላል።)

መርፌው ከገባ በኋላም ችኮላው ነው የሚያሳምመው። የማደንዘዣዋ ብልቃጥ ብዙ ጊዜ 1.8 ሚሊ ሊትር ናት፣ በደቂቃ 1 ሚሊ ሊትር ገደማ ቀስ ተብሎ ሲሰጥ ሁለት ደቂቃ አይሞላም፣ በአስር ሰከንድ ከተገፋ ግን ፈሳሹ ስጋውን ይወጥረዋል፣ በዛ ላይ አድሬናሊን ያለበት ሊዶኬይን የሚባለው ማደንዘዣ አሲድነት ስላለው ያቃጥላል። ላንቃ ላይማ ስጋው ከአጥንቱ ጋ የተጣበቀ ስለሆነ አትጠይቁኝ። ጉንጩን ያዝ አድርጎ ማወዛወዝ፣ "እስቲ የእግርህን ጣቶች አንቀሳቅስ" እያሉ ወሬ ማስያዝ፣ ይሄ ሁሉ ብር አይፈልግም።

ሰልፉ ረጅም ነው ይሉናል። እሽ፣ ልክ ነው፣ ግን ሶስት ሰው እጅ እግሩን ይዞት የሚወራጭ ልጅ ሰዓት አይፈጅም? መርፌ አፉ ውስጥ እያለ መወራጨቱስ? አዲልስተን የሚባል የጥርስ ሐኪም በ1959 እ.ኤ.አ. የጻፈው ዘዴ አለ፣ መጀመሪያ ንገረው፣ ከዛ አሳየው፣ ከዛ ስራ። "ጥርስህን እናስተኛታለን፣ ትንሽ ቆንጠጥ ያደርግሃል" ማለት በቂ ነው፣ ውሸት የለውም።

ደሞ "ወንድ ልጅ አያለቅስም" የሚሉት ነገር። ግግ ነው እየተባለ የህፃን ድድ ያለ ማደንዘዣ ሲፈለፈል የኖረበት አገር ስለሆነ ይመስለኛል የልጅ ህመም እንደ ህመም የማይቆጠረው። ልጁ አመመኝ ካለ ሐኪሙ ያቁም፣ ምናልባት አልደነዘዘም። ሲጨምርለትም ኪሎውን አይቶ ይሁን፣ የአሜሪካ የህፃናት ጥርስ ሐኪሞች አካዳሚ የሊዶኬይን ጣሪያ በኪሎ 4.4 ሚሊ ግራም ነው የሚለው፣ አንዷ ባለ 2 ፐርሰንት ብልቃጥ 36 ሚሊ ግራም ስለያዘች 15 ኪሎ ለሆነ ልጅ ሁለት ሙሉ ብልቃጥ ይበዛበታል። ስለዚህ ሚዛን ላይ ሳይወጣ ከተወጋ፣ ወላጆች ጠይቁ፣ ነውር የለውም።

ቤት ሲገባ ከንፈሩ ሁለት ሶስት ሰዓት ደንዝዞ ይቆያል። አያት "አልበላም እኮ ልጄ" ብላ ቆሎ እንዳትሰጠው፣ ሳያውቀው ከንፈሩን ያኝክና ማታ አብጦ ታገኙታላችሁ።