የኔ ቢጤ ሆኜ ተከረከምኩ

ባለፈው ሳምንት ደኸየሁ። ከሥራ ተባርሬ አይደለም፣ ቤቴም አልተቃጠለም፤ ፎቶ ተነስቼ ነው። አንድ የሚያብረቀርቅ ሱቅ መስኮት ሥር፣ ደረጃው ላይ ቁጭ ብያለሁ። አንገቴን ደፍቻለሁ፤ ባንድ እግሬ ጫማ የለም። ከመስታወቱ ወዲያ የቆመች የልብስ ማሳያ አሻንጉሊት ዕንቁዋን አንገቷ ላይ ጥላ፣ አገጯን ቀና አድርጋ በአናቴ ላይ አሻግራ ታያለች። ፎቶው ጥቁርና ነጭ ነው። ከሥሩ «አንድ ጎዳና፣ ሁለት ዓለም» ተብሎ ተጽፎበታል። ያየው ሁሉ ከንፈሩን መጥጦልኛል። አንድ የማላውቀው ሰውማ «እግዜር ይድረስለት» ብሎ መርቆኛል፤ እኔም አሜን ብያለሁ፣ ምርቃት ማን ይጠላል።

«የኔ ቢጤ» የሚለው ቃል በዚህ ዕድሜዬ ገባኝ። ለካ እኔን ማለት ኖሯል።

ብዕሬን ያነሳሁት ግን ለማማረር እንዳይመስላችሁ። ሀብትና ድህነትን፣ ሙሽሮቹን ሳይጠይቁ፣ ባንድ ፍሬም ለመዳር ከጠዋት እስከ ማታ ጎዳና ለጎዳና ለሚንከራተቱት ፎቶ አንሺዎቻችን ምስጋና ለማቅረብ ነው። የድካማቸውን ፍሬ ሁላችሁም አይታችኋል። ባለ ረጅም ተረከዝ ጫማ አለች፣ አጠገቧ የተዘረጋ እጅ አለ። የቅንጦት መኪና መስኮት አለ፣ መስኮቱ ላይ የሕፃን መዳፍ አለ። ፈገግ ያለ የማስታወቂያ ሰሌዳ አለ፣ ከሥሩ የተኛ ሰው አለ። የትም ከተማ ሂዱ፣ እነዚህ ሦስቱ አይጠፉም። እንዲያውም አንዳንዴ ከተማው ጠፍቶ እነሱ ብቻ ይቀራሉ።

ሙያው ደግሞ ቀላል አይደለም። አላዋቂ ሰው መቀሱ የሚመጣው ፎቶው ከተነሳ በኋላ ይመስለዋል። ባለሙያው ግን ከሩቅ ቆሞ ረጅሙን ሌንስ ሲደቅን ያኔውኑ ከርክሟል። ከሩቅ የታየ ነገር የፊቱና የኋላው ይጣበቃል፤ ሠላሳ እርምጃ የሚራራቁ ሁለት ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ይገጥማሉ። ባለመኪናው ከመንገዱ ማዶ፣ ምስኪኑ ከወዲህ፣ በመሃላቸው መኪናው እየተግተለተለ፣ ፎቶው ላይ ግን ባለመኪናው መስኮቱን የዘጋው በምስኪኑ አፍንጫ ላይ ነው። አይ ጨካኝ! ሰውየው እኮ የዘጋው ካፊያ ጀምሮ ነው። ምን ያደርጋል፣ ካፊያ ፎቶ ላይ አይወጣም።

ቅርጹም አለ። 24 በ36 ሚሊሜትር የሆነ አግድም ፍሬም ለስልክ እንዲመች በ4 ለ5 ምጣኔ ቁም ተደርጎ ሲቆረጥ፣ ከ36ቱ ሚሊሜትር ስፋት የሚተርፈው 19 ገደማ ነው። ግማሽ ያህሉ ዓለም በጣት ጫፍ ተጠረገ ማለት ነው። ቢጠረግስ? እዚያ ውስጥ የነበሩት ሀብታምም ደሃም ያልሆኑ፣ ሰዓት የረፈደባቸው፣ የሚያዛጉ፣ ጃንጥላቸው የተሰበረ ሰዎች ናቸው። እንደዚህ ዓይነት ሰው ለፎቶ አይመችም። ወይ በደንብ ይክበር ወይ በደንብ ይቸገር።

ወደ ራሴ ጉድ ልመለስ። ያነሳኝን ልጅ በሰው በሰው አገኘሁት። ትሑት ልጅ ነው። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እርስዎ መሆንዎን አላወቅኩም ነበር» አለኝ። ብታውቀኝ ኖሮ ሌላ ሰው ነበር የምታደኸየው? ልለው ነበር፣ ተውኩት። ይልቅ ሙሉውን ፎቶ እንዲያሳየኝ ለመንኩት። ላፕቶፑን ከፈተ።

ሙሉው ፎቶ ላይ አጠገቤ ሦስት የዕቃ ከረጢቶች አሉ፤ ያውም ከዚያው ከሚያዋርደኝ ሱቅ የተገዙ። ከከረጢቶቹ ጎን እህቴ ቆማለች። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ አፏን ከፍታ፣ «ተነስ እንጂ፣ ሰው እያየን ነው!» የምትልበት ቅጽበት ናት። በቀኝ እጄ ጫማዬን ገልብጬ ጠጠር አራግፋለሁ። በግራ እጄ ስልክ ይዣለሁ። የሱቁ ዘበኛ በሩን ተደግፎ እህቴ ስትቆጣኝ ሆዱን ይዞ ይስቃል። ካልሲዬ ቀዳዳ ናት፤ እሱን አልክድም። ሆዴም እንዳለ ነው።

«መጀመሪያ ከረጢቶቹን አወጣሁ፣ ዓይን ይበትናሉ» አለኝ ልጁ። ይሁን። «ከዚያ እህትዎን።» እህቴ ዓይን የምትበትን ሰው መሆኗን ከልጅነታችን ጀምሮ አውቃለሁ፤ እዚህ ላይ ተስማማን። ዘበኛውም ሄደ፤ ደሃ ባለበት ሳቅ አያምርም። ስልኩስ? «ስልኩ ታሪኩን ያምታታዋል፣ ስለዚህ እጅዎን...» አለና በጣቱ አሳየኝ፤ እጄ ከአንጓው ላይ ሄዳለች። ጫማዬስ? «ጋሼ፣ ጫማው ከታየ እግርዎ ለምን ባዶ እንደሆነ ይታወቃላ!» እውነቱን ነው። ምክንያት የተገኘለት ድህነት ማንን ያስለቅሳል?

«ሆዴስ?» አልኩት። አንገቱን ደፋ። «አይቀየሙኝ ጋሼ፣ ሆድዎ ለርዕሱ አልታዘዝ አለኝ። ጥላ ጣልኩበት።» ሃያ ዓመት ሙሉ በስፖርት አልሄድ ያለኝን ቦርጭ በአንድ ጣት ጠረገልኝ። ሰው ለዚህ ገንዘብ ይከፍላል።

እኔ የማዝነው ግን እዚህ ላይ በመቆሙ ነው። እንዲህ ያለ ተሰጥዖ ለምን በመንገድ ይቀራል? አሻንጉሊቷን ቆርጦ ደረጃውን ማስቀረት ይችል ነበር። ደረጃውን ቆርጦ እግሬን፣ እግሬን ቆርጦ ካልሲዬን፣ ካልሲዬን ቆርጦ ቀዳዳዋን። አንድ ጥቁር ክብ ብቻ። ርዕስ፦ «ረሃብ»። ይኼ በትልቁ ታትሞ ኤግዚቢሽን ይገባል። የኪነ ጥበብ ሐያሲ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ከፊቱ ይቆምና «ይህ ባዶነት አንድ ነገር እየጠየቀን ነው» ይላል። የሚጠይቀው የእግሬ አውራ ጣት ነው፣ አየር ፈልጎ። ከዚያ አንድ ለድሆች የሚቆረቆር ባለጸጋ ቀዳዳዬን ገዝቶ ሳሎኑ ውስጥ ከሶፋው በላይ ይሰቅላታል። በየጠዋቱ አቧራዋን የምትጠርግ ሠራተኛ ትቀጠራለች። አንድ ቀን ሠራተኛዋ ደክሟት ከፎቶው ሥር ቁጭ ስትል፣ በመስኮቱ ትይዩ ሌላ ፎቶ አንሺ ረጅም ሌንሱን ደቅኖ ያገኛታል። ከላይ ውድ ሥዕል፣ ከሥር ያቀረቀረች ሴት። አንድ ሳሎን፣ ሁለት ዓለም። ከረከመው። ቀዳዳዬ ወለደች ማለት ነው።

ይህ ጥበብ ከመሬት አልበቀለም፣ አባቶች አሉት። ፈረንሳዊው ፎቶ አንሺ አንሪ ካርቲየ-ብሬሶን ግን ከነሱ አይቆጠርም፤ የዋህ ነበር። መከርከም አይወድም ነበርና ፎቶው እንዳልተነካ እንዲታወቅለት የኔጌቲቩን (የታጠበውን ፊልም) ጥቁር ጠርዝ ዙሪያውን እንዳለ ያሳትም ነበር። ያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1932 ከፓሪሱ ሳን-ላዛር ባቡር ጣቢያ ጀርባ፣ በውኃ ላይ ሲዘል ያነሳው ሰውዬ ያለበት ዝነኛ ፎቶ ተከርክሟል። ያነሳው በአጥር ክፍተት አሾልቆ ስለነበር ከግራ በኩል ጣውላ ገብቶበት ነው። ልዩነቱን ታያላችሁ? እሱ ጣውላ ቆረጠ፣ የኛው ልጅ እህቴን ቆረጠ። ጣውላው ምንም አይናገርም ነበር፤ እህቴ እየተናገረች ነበር።

አባት ከተባለ የኒውዮርኩ ፎቶ አንሺ ዊጂ ነው። እ.ኤ.አ. በ1943 ኒውዮርክ፣ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ በር ላይ ካባ ደርበው ጌጥ የጫኑ ሁለት ወይዛዝርት ሲገቡ፣ አንዲት ጎስቋላ ሴት ከጎን ስትገላምጣቸው አንስቷል። ኔጌቲቩ ላይ ሌላም ሰው ነበረ፤ ተከረከመና ሦስቱ ቀሩ። ረዳቱ ከዓመታት በኋላ እንደተናገረው ደግሞ ሴትዮዋን ከመጠጥ ቤት ያመጧት፣ ያጠጧትና በሩ ላይ ያቆሟት ራሳቸው ናቸው። ሰውየው ቢያንስ ለትራንስፖርትና ለመጠጥ አውጥቷል። የዛሬዎቹ ደሃውን በነፃ፣ ባለበት ያገኙታል፤ ደህና ዋል እንኳ አይሉትም።

ፎቶው ሳይነካ የሚከረከምም አለ። እ.ኤ.አ. በ1937 ማርጋሬት ቡርክ-ዋይት በአሜሪካዋ ሉዊቪል ከተማ ረጅም ሰልፍ የያዙ ጥቁሮችን አነሳች። ከጀርባቸው «በዓለም ከፍተኛው የኑሮ ደረጃ» የሚል፣ አንድ ነጭ ቤተሰብ መኪና ውስጥ ሆኖ ሲስቅ የሚያሳይ ግዙፍ ሰሌዳ ነበር። ሰልፉና ሰሌዳው እዚያው ነበሩ፣ መቀስ አላስፈለጋትም። ሰዎቹ የተሰለፉት የኦሃዮ ወንዝ ሞልቶ ከተማዋን ስላጥለቀለቃት እርዳታ ሊቀበሉ ነው። ፎቶው ግን ውሎ አድሮ ከጎርፉ ተነጠለና የዚያ ዘመን ችግር ሁሉ አርማ ሆኖ ቀረ። ያን ሁሉ ውኃ ማን ጠጣው?

አሁን ቀልዱን ለአፍታ ላቁመው፤ አንድ ያየሁት ነገር ሆዴን እየበላኝ ነው።

አንዲት እናት ልጇን ታቅፋ የእግረኛ መንገድ ላይ ተኝታለች። አራት እርምጃ ራቅ ብሎ አንድ ፎቶ አንሺ ቁጢጥ ብሏል። ተረከዝ እየጠበቀ ነው። አንዷ ዝርግ ጫማ አድርጋ አለፈች፣ ካሜራውን አላነሳም። ሁለተኛዋም እንዲሁ። ልጁ ነቅቷል፤ ከእናቱ ክንድ ሥር ሆኖ እጁን አውለበለበለት። ሰውየው መልስ አልሰጠም፣ ፍሬም ይበላሽበታል። ሦስተኛዋ ተረከዝ ነበራት። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ስክሪኑን አየ፣ በሁለት ጣቱ ዘረጋ፣ ተነሳ፣ ሄደ። ፎቶውን ኋላ አየሁት። ልጁ ፊቱን ያዞረበት ተመርጧል። የፀሐዩ ጥላ የሰውየውን ጭንቅላት ብርድ ልብሷ ጠርዝ ላይ ጥሎት ነበር፤ ከታች በኩል ተቆርጧል። ከሁሉ የባሰኝ ግን ከላይ የሄደው ነው። ከሴትየዋ ራስጌ፣ ከሕንፃው ግርጌ፣ ሰው ሊጠለልበት የሚችል ሰፊ የድንጋይ እርከን ነበር። እርከኑ ላይ ማንም እንዳይቀመጥበት፣ እንዳይተኛበት ሹል ሹል ብረት ተተክሎበታል። እሷን ወደ መንገዱ ያወረዳት ያ ብረት ነው። የሚተክል ሰው ታዞ፣ ተከፍሎት፣ በልክ በልኩ የተከለው ብረት! ተቃርኖ ትፈልጋለህ? ይኸው! ተረከዝ ያላት ሴት ምን አደረገችህ? መንገድ ነው ያቋረጠችው! ብረቱን ቆርጠህ አልፎ ሂያጇን ታሳየናለህ፣ እኛም አልፎ ሂያጇን እንሰድባለን፣ ብረቱ እዚያው ነው።

ፊቷን ለማንሳት ፈቃድ መጠየቅስ? እ.ኤ.አ. በ1936 ዶሮቲያ ላንግ ካሊፎርኒያ ውስጥ ከልጆቿ ጋር ድንኳን ሥር ያነሳቻትን እናት የማያውቅ የለም። ያ ፎቶ ላይ ከጥግ የገባ አውራ ጣት ይረብሻል ተብሎ ኋላ እንዲጠፋ ተደርጓል። ለጣት ይህን ያህል ተጨንቀን ሴትየዋ ፍሎረንስ ኦወንስ ቶምሰን መባሏ ለሕዝብ የታወቀው በ1978 ነው። ባልተነሳሁ ኖሮ ብላለች፤ ከፎቶው አንድ ሳንቲም አላገኘችም። ፊቷን መላው ዓለም ሲያውቅ ስሟን ለማወቅ 42 ዓመት ፈጀ።

በቃኝ፣ ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ሰው ሲናደድ ፊቱ አያምርም፣ ሊያነሱኝ ይችላሉ።

ያነሳኝን ልጅ ስሰናበተው አንድ ነገር ለመንኩት። «እህቴ ተቀይማለች። አጠፋኸኝ ትለኛለች፣ እኔን! እባክህ አንድ ጊዜ ሁለታችንን ሙሉ፣ ከነከረጢታችን አንሳን» አልኩት። ደስ አለው። እሑድ ጠዋት፣ እዚያው ደረጃ ላይ ተቀጣጠርን። እህቴ ፀጉሯን ተሠርታ መጣች፣ እኔ አዲስ ጫማ ገዝቼ፣ ሸሚዜን ሱሪዬ ውስጥ ከትቼ። ዘበኛውም ሳይጠራ መጥቶ ከጎናችን ቆመ። ልጁ ካሜራውን ዓይኑ ላይ አድርጎ ወደ ኋላ ሄደ፣ ወደ ፊት መጣ፣ ቁጢጥ አለ፣ ተነሳ። አንድም አላነሳም። በመጨረሻ ካሜራውን አወረደና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«ጋሼ» አለኝ በትሕትና፣ «ያቺ ካልሲ አለችዎት?»