ዱላውን ያቀበለው ማነው?

ሰሞኑን አንድ የሳይኮሎጂ ባለሙያ ስለ እስር ቤት ጠባቂ ጌሞች ያወራበት ቪዲዮ ከስልክ ስልክ እየዞረ ነው፣ እኔም ደርሶኝ ሁለቴ አየሁት፣ ሁለቴም ደሜ ፈላ። ሰውዬው የሚለው ባጭሩ ይሄ ነው፤ ልጅ ቁጭ ብሎ እስረኛ ሲፈትሽ፣ ሲቆልፍ፣ ሲቀጣ ከዋለ ጭካኔ ይለምዳል፣ የወንጀለኛ ባህሪ የሚበቅለውም እዛው ነው፣ ስለዚህ ጌሞቹ ይታገዱ። ማስረጃህ ምንድነው ሲባል "ስታንፎርድ ላይ ተረጋግጧል" ብሎ አለፈ። ጠያቂውም ዝም አለ!

ምኑ ነው የተረጋገጠው?

እ.ኤ.አ. በ1971 ፊሊፕ ዚምባርዶ የሚባል የሳይኮሎጂ ፕሮፌሰር በቀን 15 ዶላር የሚከፈላቸው ወጣቶች መርጦ አሜሪካ ባለው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ምድር ቤት ውስጥ ግማሹን እስረኛ ግማሹን ጠባቂ አደረጋቸው፣ ለ2 ሳምንት የታሰበው ሙከራ ጠባቂዎቹ በእስረኞቹ ላይ ስለጨከኑ በ6ኛው ቀን ተቋረጠ። እስከዚህ ሁሉም ያወራዋል። የማይወራው ግን ጠባቂዎቹ ገና ስራ ሳይጀምሩ ተሰብስበው እስረኞቹ ፍርሃትና አቅመ ቢስነት እንዲሰማቸው ማድረግ እንደሚችሉ ከራሱ ከዚምባርዶ አፍ መስማታቸው ነው። የእስር ቤቱ አዛዥ የተባለው ተማሪ ደሞ አንዱን ለስላሳ ጠባቂ ጠበቅ በል፣ ኮስተር በል እያለ ሲወተውተው ድምፁ ተቀድቷል። ዚምባርዶ ራሱ ተመራማሪም የእስር ቤቱ የበላይ ሃላፊም ነበር፣ ማለትም መርማሪውም አለቃውም አንድ ሰው! ከሁሉም የከፋው ጠባቂ በኋላ ሲጠየቅ ሆን ብዬ ትወና ነበር የያዝኩት ብሏል። ቲቦ ለቴክሲዬ የሚባል ፈረንሳዊ ተመራማሪ የሙከራውን መዝገቦች አንድ በአንድ አገላብጦ ይሄን ሁሉ በ2019 አሳትሞታል፣ አሁንም ግን ባለሙያ ተብሎ ማይክ የተሰጠው ሰው የድሮውን ተረት ይደግምልናል።

በዛ ላይ እዛው ስታንፎርድ ውስጥ እንኳን ሁሉም ጠባቂ አልጨከነም። ለእስረኞቹ ውለታ የሚውሉ ነበሩ። ዩኒፎርሙ አንድ፣ ዱላው አንድ፣ ጥቁር መነፅሩ አንድ፣ ታዲያ ሚናው ብቻውን አውሬ የሚያደርግ ከሆነ እነዚህ እንዴት ሰው ሆነው ቀሩ? በ2001 መጨረሻ ሃስላምና ራይከር የሚባሉ የሳይኮሎጂ ተመራማሪዎች ከቢቢሲ ጋር ተመሳሳይ እስር ቤት ሲያቋቁሙ ጠባቂዎቹን እንዲህ አድርጉ የሚላቸው አልነበረም፣ እነሱም በስልጣናቸው እርስ በርስ መስማማት አቅቷቸው በመጨረሻ እስረኞቹ አመፁባቸው። ለኔ ነገሩ እዚህ ጋ አልቋል። ጭካኔ ከላይ የሚወርድ ነገር ነው፣ አይዞህ የሚል አለቃ ይፈልጋል፣ ጌም ውስጥ ደሞ አይዞህ ብሎ የሚያበረታህ የእውነት አለቃም በእውነት የሚያለቅስ እስረኛም የለም።

እሺ፣ አንድ ነገር ልስጠው። በ2007 ካርናሃንና ማክፋርላንድ የሚባሉ ተመራማሪዎች ለጥናት ሰው ፍለጋ "የእስር ቤት ህይወት" የሚል ማስታወቂያ አውጥተው የመጡትን ሲለኩ፣ ቃሉ ካልተጠቀሰበት ማስታወቂያ ከመጡት ይልቅ ቁጡነታቸው ከፍ፣ ርህራሄያቸው ዝቅ ያለ ሆኖ አግኝተውታል። ግን እነዚህ ሰዎች ባህሪያቸውን ይዘውት ነው የመጡት እንጂ በሩ ላይ አልታደላቸውም!

ደሞ ሰውዬው ጌሞቹን ከፍቶ አይቷቸው ያውቃል? ፕሪዝን አርክቴክት የሚባለው እስር ቤት ገንብተህ የምታስተዳድርበት ጌም ላይ ምግብ ብትቀንስ፣ ክፍሉን ብታጨናንቅ እስረኛው ይነሳብሃል። ልጅ ከዚህ የሚማረው የተራበና የታፈነ ሰው እንደሚያምፅ ነው፣ ይሄ ምኑ ነው ወንጀል? ወንጀለኛ ባህሪን የሚያጠኑ ሰዎች በየሀገሩ ደጋግመው ያዩት ጥፋት በጉርምስና ማብቂያ አካባቢ ጣራ ነክቶ ከዛ እየቀነሰ እንደሚሄድ ነው፣ የሚያነሷቸውም ምክንያቶች ቤት ውስጥ ዱላ፣ የጓደኛ ግፊት፣ ችኩልነት ናቸው። እነዚህን አንስቶ መነጋገር ወላጅንም አለቃንም መንካት ስለሆነ ይከብዳል፣ ጌም ማገድ ግን ማንንም አያስቀይምም።

ስታንፎርድን እንደገና የሚጠራው ከሆነ መጨረሻውንም ይንገረን። ሙከራውን ያስቆመችው ልትጎበኝ የመጣችው የዚምባርዶ የፍቅር ጓደኛ ክሪስቲና ማስላች ናት፣ እስረኞቹ ፊታቸው ተሸፍኖ በሰንሰለት ተያይዘው ሲነዱ አይታ አልቅሳ ጮኸች፣ የጮኸችው ግን ዱላ በያዙት ልጆች ላይ ሳይሆን በዚምባርዶ ላይ ነበር።